ወንፊት ላይ የቀረው

ደነባ ላይ ፉርሽካ የሚገዛው ለከብት ነው። የሚታለብ ላም ያለው ወይም በግ የሚያደልብ ሰው ከፋጉሎ ጋር አደባልቆ ያቀርበዋል፤ ከብቱም ያምርበታል። ሰው ደግሞ ከዚያው ስንዴ ነጩን ዱቄት ለይቶ ዳቦውን ይጋግራል። ልዩነቱ በቁጥር ይታያል። 100 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት ከ10 እስከ 12 ግራም አሰር፣ ብዙዎች ፋይበር የሚሉት፣ ይዟል። ከፋብሪካ በሚወጣው ፉርኖ ዱቄት ውስጥ የሚቀረው 3 ግራም አይሞላም። የተረፈው በጆንያ ታጭቆ መኖ ሻጭ ቤት ይገባል።

ከተማዋ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከደብረ ብርሃን በስተምዕራብ፣ ክረምት ውሃ በሚቋጥረው ጥቁር መረሬ ላይ ተቀምጣለች። አካባቢው የጤፍ፣ የስንዴ፣ የምስር፣ የባቄላና የጓያ አገር ነው። በደብረ ብርሃን በኩል ወደ አንኮበርና ጣርማበር ከፍታ ሲወጣ እርሻው ገብስ በገብስ ይሆናል። ሐኪም «ፋይበር ያለው ነገር አዘውትር» ያለው የዚህ አገር ሰው በካርቶን የታሸገ የውጭ ቁርስ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ሌላው ዓለም በትንንሽ ፓኬት የሚሸጠው እህል እዚህ በኩንታል ተጭኖ ገበያ ይወጣል። መጠየቅ ያለበት ያ እህል ከማሳ ተነሥቶ ገበታ እስኪቀርብ ድረስ ምን እየጣለ እንደሚመጣ፣ ምን ደግሞ እንደሚጨመርበት ነው።

ሆድ የማይፈጨው

ፋይበር የሚባለው በእህል፣ በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በፍራፍሬ ውስጥ ያለ፣ የሰው ትንሹ አንጀት ሊፈጨው ያልቻለ ክፍል ነው። የእህሉ ስታርች ወደ ስኳር፣ ፕሮቲኑ ወደ አሚኖ አሲድ ተሰባብሮ ደም ውስጥ ሲገባ፣ ፋይበሩ መንገዱን ቀጥሎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። ለረጅም ጊዜ ከገለባ ያልተለየ ነገር ተደርጎ የታየውም ለዚህ ነው።

ሥራው ግን ዓይነት ዓይነት አለው። የስንዴ ፉርሽካና የጥራጥሬ ቅርፊት ውሃ ውስጥ አይሟሙም፤ ውሃ ይዘው ያብጣሉ፣ ዓይነ ምድሩን ያበዙታል፣ ያለሰልሱታል፣ ጉዞውንም ያፋጥኑታል። ለሆድ ድርቀት የሚረዳው በዋናነት ይኸኛው ወገን ነው። ሌላው ወገን ውሃ ሲያገኝ ይዝለገለጋል። የተቆላና የተወቀጠ ተልባ በብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ትንሽ ያቆየ ሰው ነገሩን በዓይኑ አይቶታል፤ ቀጭን የነበረው ውሃ ከማንኪያ ላይ እየተሳበ መውረድ ይጀምራል። የራሰ አብሽም እንዲሁ ነው። በገብስና በአጃ ውስጥ ያለው የዚህ ወገን ፋይበር ቤታ ግሉካን ይባላል፤ የደም ቅባትን በሚመለከት ከሁሉም በላይ የተጠናው እሱ ነው።

ጤፍ በዚህ መካከል ለየት ያለ ቦታ አለው። 1,000 ፍሬ ጤፍ አንድ ላይ ቢመዘን 1 ግራም አይሞላም፤ ይህን የሚያህል ፍሬ ቅርፊቱን ልላጥ ቢሉት የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ከነልብሱ ይፈጫል፤ በ100 ግራም ውስጥ 8 ግራም ያህል ፋይበርም ይዞ ምጣድ ላይ ይወጣል። ቤታ ግሉካኑ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እንጀራ ለአንጀት የሚሠራውን ያህል ለኮሌስትሮል ይሠራል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ከኡጋንዳ የተነሣው ሐሳብ

ፋይበር ከገለባነት ወደ ሕክምና መጽሔቶች የገባው በአብዛኛው በአፍሪካ በኩል ነው። አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ ኡጋንዳ ውስጥ ለ20 ዓመት ገደማ ሠርቷል። የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጠው ካንሰር ዛሬ በስሙ የሚጠራው እሱ ስላጠናው ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የዕለት ተዕለት ሥራ የነበሩት የትርፍ አንጀት፣ የኪንታሮት፣ የሐሞት ጠጠርና የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕመሞች በኡጋንዳ ገጠሬዎች ላይ እምብዛም አልታዩትም። ከእሱ ቀድሞ በምሥራቅ አፍሪካ 30 ዓመት የሠራው ሐኪም ሂው ትሮዌልም ተመሳሳይ ነገር አስተውሎ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1972 በርኪት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ መለኪያ ይዞ መጣ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አባላት የበሉት ምግብ ከአፍ ገብቶ በዓይነ ምድር እስኪወጣ ድረስ በአማካይ 83 ሰዓት ይቆያል፤ የኡጋንዳ ገጠሬዎች ግን በ36 ሰዓት ይጨርሳሉ። በቀን የሚወጣው የዓይነ ምድር ክብደትም በመጀመሪያዎቹ 104፣ በሁለተኞቹ 470 ግራም ነበር።

ሐሳቡ ያኔም የሚተች ቀዳዳ ነበረው። የገጠሩ ሰው ከከተሜው የሚለየው በፋይበር ብቻ አይደለም፤ በእግሩ ይሄዳል፣ በጉልበቱ ይሠራል፣ ሥጋም በዓል ካልሆነ አያገኝም። ሌሎችን ነገሮች ይዞ ምግቡን ብቻ የቀየረ ሙከራ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ ሞከረው። በአሜሪካ ፒትስበርግ የሚኖሩ 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠሬዎች ለሁለት ሳምንት ገበታ ተቀያየሩ። የአሜሪካኖቹ ፋይበር በቀን ወደ 55 ግራም ከፍ አለ፤ የደቡብ አፍሪካውያኑ ወደ 12 ወረደ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በአንጀታቸው ያሉት ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነገር ተለወጠ፤ ቡቲሬት የተባለው አሲድ በአሜሪካኖቹ ጨመረ፣ በደቡብ አፍሪካውያኑ ቀነሰ። የአንጀት ግድግዳ የብግነት ምልክቶችም በዚያው ልክ ቦታ ተለዋወጡ።

ቡቲሬት ለምን ይቆጠራል? ትንሹ አንጀት ያልቻለውን ፋይበር በትልቁ አንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ከዚያ የሚወጣው ቡቲሬት የትልቁን አንጀት ግድግዳ የሸፈኑት ሴሎች ዋና ቀለብ ነው። ጥራጥሬ ሲበላ የሚመጣው የሆድ መነፋትም የዚያው ማብላላት ተረፈ ምርት ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት ጥያቄ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ላይ የወጣ ትልቅ ማጠቃለያ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ 185 ጥናቶችንና 58 የሕክምና ሙከራዎችን መረመረ። ብዙ ፋይበር የሚመገቡት ጥቂት ከሚመገቡት ጋር ሲነጻጸሩ የልብ ሕመም፣ የስትሮክ፣ የዓይነት ሁለት ስኳርና የትልቁ አንጀት ካንሰር ከ15 እስከ 30 በመቶ ቀንሶ ተገኘባቸው። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በቀን ከ25 እስከ 29 ግራም ላይ ነው። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 25 ግራም ከምግብ የሚገኝ ፋይበር መክሯል።

ይህን መጠን ወደ ደነባ ገበታ ማምጣት ቀላል ነው። በቀን 300 ግራም የጤፍ ዱቄት የሚሆን እንጀራ የበላ ገበሬ 24 ግራም አግኝቷል፤ ሽሮው ወይም ምስር ወጡ ሲጨመር መመሪያውን አልፎ ሄዷል። የሚቸገረው ልጁ ነው፤ ከተማ ገብቶ ጠዋት ፉርኖ ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ፓስታ፣ ማታ ሩዝ የሚበላው። ነጭ ሩዝ በ100 ግራም ከ1 ግራም ብዙም ያልበለጠ ፋይበር ነው ያለው። ጤፍ ሲወደድ ሊጡ ውስጥ የሩዝ ዱቄት የሚቀላቅል እንጀራ ጋጋሪም ሳያስበው የበላተኛውን ፋይበር ይቀንሳል።

ገብስና የደም ቅባት

ጉበት ሐሞት የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ሐሞቱ ወደ ትንሹ አንጀት ወርዶ ቅባት እንዲፈጭ ካገዘ በኋላ፣ ውስጡ ያሉት አሲዶች 95 በመቶ ያህሉ ከአንጀቱ መጨረሻ ተመጥጠው ወደ ጉበት ይመለሳሉ። ገብስ የበላ ሰው አንጀት ውስጥ ግን ቤታ ግሉካኑ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ የሚዝለገለግ ነገር ሆኗል። የሐሞት አሲዱ እዚያ ውስጥ ተይዞ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ጉበት የጎደለውን ለመተካት አዲስ ሐሞት መሥራት አለበት፤ ለዚያ የሚሆነውን ኮሌስትሮል ደግሞ ከደም ይስባል። በደም ውስጥ ኤልዲኤል የሚባለው፣ በተለምዶ «መጥፎው» የሚሉት ኮሌስትሮል የሚወርደው በዚህ መንገድ ነው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997 ለአጃ፣ በ2005 ደግሞ ለገብስ በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን የልብ ሕመምን አደጋ ሊቀንስ ይችላል የሚል ጽሑፍ በማሸጊያ ላይ እንዲወጣ ፈቅዷል። የውጤቱም መጠን ይታወቃል። 28 ሙከራዎችን ያጠቃለለና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ትንተና እንዳሳየው፣ በቀን 3 ግራምና ከዚያ በላይ የአጃ ቤታ ግሉካን ኤልዲኤልን በአንድ ዴሲሊትር ደም 10 ሚሊግራም ያህል ያወርዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ በገብስ ላይ የተሠራ ተመሳሳይ ትንተናም ወደዚያው ቁጥር ደረሰ፤ የገብሱ መጠን ግን ከፍ ያለ ነበር። ስታቲን የተባሉት መድኃኒቶች ኤልዲኤልን ከ30 እስከ 50 በመቶና ከዚያም በላይ ያወርዳሉ። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ኪኒኑን ትቶ በገብስ ልተካ ቢል የሚያተርፈው የለም፤ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ግን ይችላል።

ቤታ ግሉካን በገብስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 በመቶ ነው። ስለዚህ 3 ግራሙን ለማግኘት ከ50 እስከ 75 ግራም ደረቅ የገብስ ዱቄት ወይም ክክ ይበቃል፤ አንድ ሰው ለቁርስ የሚበላው በሶ ወይም ቅንጬ ከዚህ የሚያንስ አይደለም።

ገብስን ከስንዴ የሚለየው ሌላም ነገር አለ። የስንዴ ፋይበር በብዛት ያለው በላይኛው ልብሱ ላይ ስለሆነ ወንፊት ይወስደዋል። የገብስ ቤታ ግሉካን ግን ከዳር እስከ ማዕከል በፍሬው ውስጥ ተሠራጭቷል። ገብስ ሙቀጫ ውስጥ ሲሸከሸክ የሚሄደው ገለባው ነው፤ ቤታ ግሉካኑ እዚያው ይቀራል። ተልጦ ነጭ የሆነ ገብስ እንኳ በ100 ግራም ውስጥ 15 ግራም ያህል ፋይበር አለው፤ ከሙሉ ስንዴ ይበልጣል ማለት ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚዘራውና ቅርፊቱን በቀላሉ የሚለቀው ሰነፍ ቆሎ ለቆሎና ለበሶ የሚወደደው ለድካሙ ቀላልነት ነው፤ የሚበላው ሰው ግን ፋይበሩንም አብሮ ያገኛል።

አሠራሩ ግን ልዩነት ያመጣል። ሊጥ ሆኖ ረጅም ጊዜ ሲቦካ በዱቄቱ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች የቤታ ግሉካኑን ረጅም ሰንሰለት ይቆራርጡታል፤ ሲቆራረጥ መዝለግለጉ ይቀንሳል። ለበሶ የሚሆን ገብስ ተሸክሽኮ ሲታመስ ሙቀቱ አብዛኞቹን ኢንዛይሞች ስለሚገድል ሰንሰለቱ ይድናል። ቅንጬና ገንፎም ሳይቦኩ የሚበሉ ናቸው። ኮሌስትሮሉን አስቦ ገብስ የሚበላ ሰው ከገብስ ዳቦ ይልቅ በሶውን፣ ቅንጬውንና ገንፎውን ቢያስቀድም ይሻለዋል።

በሌላ በኩል ያው መዝለግለግ የሚጠላበት ኢንዱስትሪ አለ። ደብረ ብርሃን የሐበሻ ቢራ ፋብሪካ የሚገኝባት፣ የዳሽን ሁለተኛው ፋብሪካም የቆመባት ከተማ ናት። ጠማቂ ቤታ ግሉካን የበዛበትን ገብስ አይወድም፤ ጭማቂውን ያወፍርበታል፣ ማጣሪያውን ይዘጋበታል። ስለዚህ የቢራ ገብስ ሲመረጥ ቤታ ግሉካኑ ዝቅ ያለው ይፈለጋል፤ ገብሱ በቅሎ ብቅል ሲሆንም ከቀረው ብዙው ይፈርሳል። በጠላ ቤትም ነገሩ ያው ነው፤ ብቅሉ ሥራውን ይሠራል፣ ከገብሱና ከጌሾው የተረፈው አተላ ለከብት ይሄዳል። ጠላ ከገብስ ነውና ፋይበር አገኛለሁ የሚል ሰው የተሻለውን ድርሻ ለላሙ ትቶለታል።

ከጎኑ የሚቀርበው

ገንፎ ሲቀርብ መካከሉ ይጎደጎድና የተነጠረ ቅቤ በበርበሬ ይሞላበታል። ጣዕሙ አይካድም። ቅቤ ግን ግማሹ፣ ሲነጠር ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው፣ ኤልዲኤልን የሚያወጣ የረጋ ቅባት ነው። ዳር ያለው ገብስ ያወረደውን መሐሉ ያለው ቅቤ መልሶ ሊያወጣው ይችላል። ኮሌስትሮሉ ከፍ ላለበት ሰው ገንፎውን በተልባ ወይም በኑግ ማቅረብ የጾም ጊዜ ልማድ ስለሆነ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

የጾሙ ገበታ ራሱ በፋይበር የበለጸገ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ፣ 55 ቀን ዓቢይ ጾምን አክሎ፣ ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ ሽሮ፣ ክክ፣ ምስርና ጎመን ይበላል። 100 ግራም የበሰለ ምስር ብቻውን 8 ግራም ያህል ፋይበር አለው። ችግሩ የሚመጣው በዘይቱ በኩል ነው። ከውጭ በገፍ የሚገባው የፓልም ዘይት ከእንስሳት ባይገኝም ግማሽ ያህሉ የረጋ ቅባት ነው። በደነባ ብርድ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ረግቶ መገኘቱ ይህንኑ ያሳያል፤ ፈሳሽ ሆነው የሚቆዩት የኑግና የሱፍ ዘይቶች የረጋ ቅባታቸው ከሱ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ፋይበር ሁሉንም የደም ቅባት አያስተካክልም። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ያካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለበት ሰው ከ20 አንድ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ኤችዲኤል የሚባለው «ጥሩው» ኮሌስትሮል ከሚፈለገው በታች የሆነበት ግን ከግማሽ በላይ ነበር። ገብስ ኤልዲኤልን ያወርዳል እንጂ ኤችዲኤልን ከፍ አያደርግም፤ ለዚያ የሚቀርበው መንገድ እንቅስቃሴና ሲጋራ ማቆም ነው።

በካርቶን የሚመጣው

የቁርስ ሲሪያል ንግድ ታሪክ የሚጀምረው ከሆድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በሚቺጋን ባትል ክሪክ የሕክምና ማረፊያ ያስተዳድር የነበረው ዶክተር ጆን ሃርቪ ኬሎግ የታካሚዎቹ አንጀት ጉዳይ ዕረፍት ይነሣው ነበር፤ ጠፍጣፋው የእህል ቁርስ ከዚያ ወጥ ቤት ወጣ። ዛሬ በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች የሚሸጠው ተራ ኮርንፍሌክስ ግን ቆዳውና ፅንሱ ከወጣለት በቆሎ ስለሚሠራ በ100 ግራም 3 ግራም ያህል ፋይበር ብቻ አለው፤ ከፉርኖ ዱቄት ብዙ አይሻልም። ማሸጊያ የሚያነብ ሰው ሁለት መስመር ይበቃዋል። በ100 ግራም 6 ግራምና ከዚያ በላይ ፋይበር ያለው በአውሮፓ ሕግ «ፋይበሩ ከፍተኛ» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል፤ ሁለተኛው መስመር ስኳሩ ነው። የአጃ ቅንጬ ስኳር ካልተጨመረበት በሁለቱም ያልፋል፤ አጃ ደግሞ ደጋው ራሱ የሚያበቅለው እህል ነው።

ለማን አይሆንም

ሆዱ ትንሽ የሆነ ሕፃን በፋይበር ከጠገበ የሚያስፈልገውን ጉልበት ሳያገኝ ይቀራል። በእህል ልብስ ውስጥ ያለው ፋይቴትም ብረትንና ዚንክን ይይዛል። ተጨማሪ ምግብ ለጀመረ ልጅ ገንፎው ቢነፋ፣ እንቁላልና ወተት ቢታከልበት ትክክል ነው። ለአዋቂው መቡካት የፋይቴቱን ጫና ያቃልልለታል፤ እንጀራ በዚህ በኩል ከቂጣ ይሻላል።

አንጀቱ የጠበበ ወይም በቅርቡ ሆዱን የተቀደደ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ፉርሽካና ተልባ መጀመር የለበትም። ተልባና በሶ ለጨጓራ ፍቱን ናቸው የሚለው ወሬም ልክ ሊበጅለት ይገባል፤ ማቃጠሉን ሊያስታግሱ ይችላሉ፣ ብዙውን የጨጓራ ቁስል የሚያመጣውን ባክቴሪያ ግን አይገድሉም። ደም የቀላቀለ ዓይነ ምድር፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ፣ በድንገት የተለወጠ የሆድ ልማድ በምግብ የሚታከሙ አይደሉም፤ ምርመራ ይፈልጋሉ።

ነጭ ዱቄት ለለመደ ሰው ለውጡ ቀስ ማለት አለበት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ፋይበሩን እጥፍ ያደረገ ሰው በሆድ መነፋት ተማሮ ይተወዋል። ከፉርኖው ዱቄት ሩቡን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግማሹን፣ ያልተነፋ ስንዴ ወይም ገብስ በማድረግ ባክቴሪያዎቹ እንዲለምዱት ጊዜ መስጠት ይቻላል። ውኃ አብሮ መጨመር አለበት፤ ደረቅ ፉርሽካ ያለ በቂ ውኃ ድርቀቱን ሊያብሰው ይችላል። የኤልዲኤል ለውጥ ካለ በአንድና ሁለት ወር ውስጥ በደም ምርመራ መታየት ይጀምራል። ከመጀመሩ በፊት የተመረመረ ሰው የሚያወዳድረው ቁጥር ስለሚኖረው፣ ገብሱ እንደሠራለትና እንዳልሠራለት ከሐኪሙ ጋር አይቶ መወሰን ይችላል።